ወሩ በፊደል ይጻፍ

በዘጠነኛው ወር፣ በሦስተኛው ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጩጬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። አክስትሽም ደህና ናት። «ጩጬ መጻፍ ጠፋባት ወይስ እኛ ጠፋንባት?» ትላለች። ባለሽበት ክፉ አይንካሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

ይህን የምጽፍልሽ ለናፍቆት ብቻ አይደለም። በስልክ ያልነገርኩሽም በምክንያት ነው። የመጋዘኑ ስልክ የሚነሳው በሌላ ሰው ቢሮ ነው፤ የእጅ ስልኬ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው መሃል ስሆን ነው የሚጮኸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አንቺም በጽሑፍ መልሺልኝ።

እንደምታውቂው በዚህ የመድኃኒት መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የገባውን ካርቶን ሁሉ በእጄ እየነካሁ፣ የማብቂያ ቀኑን አንብቤ፣ በትልቁ መዝገብ ጽፌ ማኅተም እመታበት ነበር። ሠራተኛው «ማኅተሙ» የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ከኋላዬ። ዘንድሮ በሁለተኛው ወር ኮምፒዩተር መጣልን። መዝገቦቼን በገመድ አስረው ወሰዱና «ከእንግዲህ ወረቀት የለም» አሉን። ለእኔ አንድ፣ ለስርጭት ኃላፊው አንድ ተሰጠን። እኔ የሚገባውን እመዘግባለሁ፤ እሱ የሚወጣውን ያዛል።

ይህ የስርጭት ኃላፊ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ በር ሲከፍት እንኳ አይሰማም። እኔ «ለስላሳው» እለዋለሁ። ጯሂ ሰው አልፈራም፤ የት እንዳለ ይታወቃል።

በሦስተኛው ወር፣ እናቶች ሲወልዱ ደም እንዳይፈሳቸው የሚወጉት መርፌ አርባ ካርቶን በእርዳታ ገባልን። ዕድሜው አጭር ነበር፤ የሚያበቃው በሰባተኛው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እንደ ልማዴ ቀኑን አስቀድሜ፣ ወሩን አስከትዬ 11/7 ብዬ አስገባሁ። ሳይወጣ ጊዜው አለፈ፤ እስኪወገድ ጥግ አስቀመጥኩት። «አይውጣ» የሚል ወረቀት ልለጥፍበት ብል ወረቀት ተከልክሏል።

በስምንተኛው ወር ጉልበቴን ታክሜ ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ስመለስ ጥጉ ባዶ ነው። አርባውም ካርቶን ለጤና ጣቢያዎች ተጭኗል። ለስላሳው ቢሮ ገባሁና «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አወጣህ» አልኩት።

«አላለፈበትም ጋሼ፤ ገና ሁለት ወር አለው» አለና ስክሪኑን አዞረልኝ። 7/11 ይላል። ወደ ክፍሌ ተመልሼ የእኔን ከፈትኩ፤ 11/7 ይላል። አንድ ዕቃ፣ አንድ መዝገብ፣ ሁለት ቀን! ተመልሼ ስነግረው ፈገግ አለ። «ጊዜው ቢያልፍ ኖሮ ሲስተሙ ቀይ ያበራ ነበር እኮ። ምናልባት ዓይንዎን ቢታዩ ይሻላል» አለኝ።

ጩጬ፣ ቁጥሬን የገለበጠ ሰው አለ። ጡረታ ልወጣ አምስት ወር ሲቀረኝ በስሜ ጥፋት ሊያስመዘግብ የፈለገ ሰው አለ። ወይም ዓይኔ ከድቶኛል። መዝገቤን ስለወሰዱት ምስክሬ የገዛ ጭንቅላቴ ብቻ ነው፤ ለጤና ጣቢያዎቹ «አትጠቀሙበት» ብዬ እንዳልጮህ እሱንም ማመን አቃተኝ። አንቺ የኮምፒዩተር ሰው ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ የሰው እጅ ሳይነካው ቁጥር ሊገለበጥ ይችላል ወይ? መርፌው ወጥቷልና ቶሎ መልሺልኝ። ካልከበደሽም የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ።

ከአክስትሽ ጋር ደጅ ደጁን እያየሁ የምጠብቅሽ፣
አጎትሽ


በአሥረኛው ወር፣ በሁለተኛው ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? አክስቴስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዘጠነኛው ወር አጋማሽ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ሁለት ነው፤ ሰፊው የእርስዎ፣ ቀዩ የአክስቴ ነው። መያዣው ውስጥ መጥረጊያ ጨርቅ አለ፤ በሸሚዝዎ ጫፍ እንዳይጠርጉት።

ስለጠየቁኝ ነገር፣ የቀን አጻጻፍ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ሊለያይ ይችላል። የማሳያ ጉዳይ ነው። ብዙ አይጨነቁበት፤ በዚህ ምክንያት ከሰው ጋር ሆድና ጀርባ እንዳይሆኑ። ኃላፊዎቹ ያጣሩታል።

ሲስተሙን ማን ነው የተከለላችሁ? እርስዎ ያዩትን ሌላ ሰው አይቷል? ስክሪኑን ፎቶ ያነሳ ሰውስ አለ? ይህን የጻፍኩልዎትን ለማንም ባያሳዩ ደስ ይለኛል፤ ከሥራዬ ጋር የሚነካካ ነገር ስላለው ነው።

ጤናዎን ይጠብቁ። አየሩ እዚህ መቀዝቀዝ ጀምሯል።

ጩጬዎ


በአሥረኛው ወር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ነሽ? መነጽሩ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። አድርጌው ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉ ሁሉ ጎልቶ ታየኝ፤ መልሱ ግን አልታየኝም። አንድ ነገር ጠየቅኩሽ፣ አንቺ ሦስት ጠየቅሽኝ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በዚህ ወር በዘጠነኛው ቀን ከድልድዩ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ አንዲት ልብስ ሰፊ ወለደች። ሁለተኛ ልጇ ነው። ልጁ በሰላም ወጣ፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ነርስ አንድ መርፌ ወጋቻት፣ ደገመቻት። ውሃ ቢወጓት ያው ነበር። ዱቄት በሚጭን መኪና ሆስፒታል አድርሰው ማህፀኗን አወጡላት። ነፍሷ ተርፋለች። ከእንግዲህ ግን አትወልድም።

አዋላጇ ያመነችው ከለስላሳው ኮምፒዩተር ወጥቶ የሄደውን የወጪ ወረቀት ነበር፤ እዚያ ላይ 7/11 ተብሎ ታትሟል። በኋላ ብልቃጡን በብርሃን ስታየው፣ በላዩ በተጫረ ጥቃቅን ጽሑፍ ሰባተኛ ወር ይላል። የተረፉት ካርቶኖች ያን ጊዜ ተሰበሰቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መርማሪ መጣ። መዝገቡን ከፍቶ አነበበልኝ፦ የማብቂያ ቀን፣ አሥራ አንደኛ ወር፣ ሰባት። ያስገባው፣ የእኔ ስም። እጄ ያልጻፈውን በስሜ አነበቡልኝ ጩጬ! ሃያ ስድስት ዓመት። ቁልፌን ተቀብለው ከሥራ አገዱኝ። በበሩ ስወጣ ለስላሳው ቆሞ ነበር፤ «አይዞዎት ጋሼ» አለኝ። ገልብጦ ገድሎኝ አይዞህ ይለኛል እንዴ?

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ለስላሳው ኮምፒዩተሬን ከፍቶ ቁጥሬን እንደለወጠ፣ ሦስት ሳምንት ታምሜ ስተኛ የክፍሌ ቁልፍ እሱ ዘንድ እንደነበር፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት፤ መዝገብ ቤትም ማኅተም ተመታበት።

አሁን መነጽርም ምንም አልፈልግም። ደግሞስ ፎቶ ያነሳ ሰው አለ ወይ ብለሽ ለምን ነው የጠየቅሽኝ?

አጎትሽ


በአሥረኛው ወር፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን

አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየጻፍኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ አሁን እንዴት ሆነች? ልጁስ? እባክዎ ያጣሩልኝ።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ በሰውየው ላይ የጻፉትን ያንሱት። እሳቸው አልነኩትም። ሁለተኛው ከዚያ ይብሳል፤ መጋዘኑ ውስጥ ላለው ሰው አሁኑኑ ይንገሩልኝ። የማብቂያ ቀኑ ቁጥር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የሆነውን መድኃኒት ሁሉ አውጥተው ካርቶኑን ራሱን በዓይናቸው ያንብቡት። ከአሥራ ሁለት በላይ የሆኑት ደህና ናቸው፤ እነሱ ላይ ጊዜ አያጥፉ። በኮምፒዩተሩ እንዳያምኑ።

እንዴት እንዳወቅሁ አሁን አይጠይቁኝ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

ጩጬ


በአሥራ አንደኛው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ይድረስ ለጩጬ፤

ሰላምታዬን ተቀበይ።

ያልሽውን ለሚዛን ሠራተኛዋ ነገርኳት፤ በመጋዘኑ ውስጥ አሁንም ሰላም የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ዞራ ካርቶን አነበበች። አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ተገልብጦ ተገኘ። ከአሥራ ሁለት በላይ ካሉት አንድም አልተሳሳተም። ልክ እንዳልሽው።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይህች ልጅ መጋዘናችንን አይታው አታውቅም። ከየት አመጣችው? ለስላሳው ክፉ ሰው ቢሆን የሚገለብጠውን መርጦ ይገለብጥ ነበር እንጂ እስከ አሥራ ሁለት ቆጥሮ አያቆምም። እንዲህ የሚቆጥረው ማሽን ነው፤ ማሽኑን ደግሞ ያስቆጠረው ሰው ነው።

ለስላሳው ስንት እንደከፈለ ልንገርሽ። በደብዳቤዬ ምክንያት ከቦታው አንስተው፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወዳለ ማከማቻ ልከውታል። ሚስቱ አስተማሪ ስለሆነች ሥራዋን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ እዚሁ ቀርታለች። ትናንት መንገድ ላይ አየችኝና ወደ ማዶ ተሻገረች። ክሱን ላንሳ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ነበር። «ማኅተም ያለበት ነገር እንዴት ይነሳል? እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያስተማሩን?» አለኝ።

ከዚያ ሁልጊዜ ከስክሪኔ ግርጌ የማያት የወፍ ምልክት ትዝ አለችኝና ሚዛን ሠራተኛዋን ጠየቅኳት፤ «ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለችው ወፍ ምን ዓይነት ናት?» አልኳት። «ረጅም አፍ ያላት፣ ሰማያዊ» አለችኝ። አምና የላክሽልን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ያለችውም፣ የቢሮዬ ምልክት ናት ብለሽ የጻፍሽልን፣ ረጅም አፍ ያላት ሰማያዊ ወፍ ናት።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። በዚህ ነገር እጅሽ አለበት? አለበት ወይም የለበትም ብለሽ መልሺ። ሌላ ነገር ከጻፍሽልኝ አላነብም።

አጎትሽ


በአሥራ አንደኛው ወር፣ በሃያ ስድስተኛው ቀን

አጎቴ፤

አለበት።

ከዚህ በታች ያለውን ባያነቡትም መብትዎ ነው፤ እኔ ግን መጻፍ አለብኝ።

ሲስተሙን የሠራው የእኛ ቢሮ ነው። አምና ቀኑ በምን መልክ ይታይ የሚለውን እንድወስን ለእኔ ተሰጠኝ። ትንሽ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ምርጫ ነበረን። ለሁሉም ሰው ቀኑ ይቅደም፤ ወይም ወሩ በቁጥር መሆኑ ቀርቶ በፊደል ይጻፍ፤ ወይም እያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንደ ልማዱ ያንብብና ያሳይ። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች፤ ሥራዋ እኛ የሠራነውን መፈተን ነው፣ በሁሉም ነገር እንቅፋት ስለምታገኝ «ጠጠር» እንላታለን። እሷ «ወሩ በፊደል ይጻፍ። ቁጥር ይገለበጣል፣ ስም አይገለበጥም» ብላ ነበር። በየቋንቋው ማስተርጎምና ሰንጠረዡን ማስፋት ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር። እኔ አንድ ቀን የሚፈጀውን፣ ሦስተኛውን መረጥኩ። የውሳኔው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የእርስዎ ኮምፒዩተር ከፋብሪካው የወጣው ወሩን አስቀድሞ እንዲያነብ ሆኖ ነው። እርስዎ 11/7 ብለው ሲጽፉ፣ አሥራ አንደኛው ወር ሰባተኛው ቀን ብሎ ያዘው። ለእርስዎ በራሱ ልማድ 11/7 ብሎ መልሶ አሳየዎት፤ ቀኑን ለሚያስቀድመው ለሰውየው ኮምፒዩተር ደግሞ 7/11 ሆነ። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። 25/7 ብለው ሲጽፉ ግን ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ማሽኑ ራሱ አዙሮ አስተካክሎታል። ለዚህ ነው ግማሹ ደህና፣ ግማሹ የተገለበጠ የሆነው። ዓይንዎ አልከዳዎትም። ማንም ሰው አልነካብዎትም።

ይህን ሁሉ የመጀመሪያ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን አውቄዋለሁ። ቢሮ ይዤው ሄጄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞክሬ አየሁት። ለአለቃዬ ስነግረው በሩን ዘጋና «የሕግ ሰዎች ሳያዩት አንድ ቃል ለማንም እንዳትጽፊ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፈራሁ። እርስዎ በስልክ አትመልሺ ማለትዎን ሰበብ አደረግኩት። አሥራ ሰባት ቀን ዝም ብዬ፣ በአሥራ ስምንተኛው መነጽር ላክሁልዎት።

የዚያን ቀን ደውዬ ቢሆን ኖሮ መርፌው ልብስ ሰፊዋ ሳትወልድ ይሰበሰብ ነበር። ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ አራት ቀን ነበረኝ።

ትናንት የፈረምኩበትን ወረቀት ቅጂና የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለሥራ አስኪያጃችሁ በአደራ ፖስታ ላክሁ። ለመርማሪውም እንዲሁ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ደውዬ በቃሌ ነገርኳቸው። ጠጠር ይህ ሲስተም ያለባቸውን መጋዘኖች ዝርዝር አውጥታ፣ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ ጽፈን አብረን ፈረምን። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ጠርቶ ዕቃዬን እንድሰበስብ ነገረኝ። እርሷን ግን አልነኳትም፤ ያለ እሷ ማንም ቁጥሩን አያስተካክለውም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አፌ አልደፈረም።

ጩጬ


በሁለተኛው ወር፣ በስምንተኛው ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ሥራ አገኘሽ? የመኖሪያ ፈቃዱን ነገር እንዴት አደረግሽው? እኛ ደህና ነን።

ሁለት ወር ዝም ያልኩሽ ተናድጄ ነው፤ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ደብዳቤሽን ቀድጄው ነበር። አክስትሽ ከቅርጫት አውጥታ በማጣበቂያ አያያዘችውና ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። «ያንተስ ሦስት ገጽ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተጠርቼ ቁልፌ ተመለሰልኝ። ስሜ ከጥፋቱ ወጥቷል። ጡረታዬ ስለደረሰ ግን የሠራሁት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በአሥራ አንዱ ቀን ሚዛን ሠራተኛዋና እኔ አዲስ ትእዛዝ አስጸደቅን፤ በየካርቶኑ ላይ ወሩ በስሙ፣ በእጅ፣ በወፍራም ብዕር ይጻፋል። ኮምፒዩተሩም ተስተካክሎ መጥቷል፤ እኛ ግን እንጽፋለን። ከእጅ አይሻል ዶማ!

ከዚያ ለስላሳው ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ በዚህ ጉልበት። ማከማቻው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ እሱ ከውስጥ ወንበር አውጥቶ ጥላ ስር አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ። «በሐሰት ከሰስኩህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔም ያን ቀን ስቄብዎታለሁ። አንድ ካርቶን አስከፍቼ ባነብ ኖሮ ያልቅ ነበር» አለኝ። ወደ ቦታው እንዲመልሱት እንደጻፍኩ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። እዚያ ግን አልመለስም፤ ሰው ሁሉ አምኖዎት ነበር እኮ።» ሚስቱ ልትዛወርለት ነው። ሲሸኘኝ እጄን ጨበጠኝ፤ እንደ ድሮው ለስላሳ አልነበረም፣ አጥብቆ ነው የጨበጠኝ። እስካሁን ያመኛል።

ልብስ ሰፊዋንም አይቻታለሁ። ከድልድዩ ማዶ፣ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ፣ አንድ ክፍል ሱቅ አላት። ልጁ ከስፌት መኪናው ስር በቅርጫት ተኝቶ ነበር፤ ወፍሯል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አስረዳኋት፣ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ ጠረጴዛው ላይ 11/7 እና 7/11 ብዬ ጽፌ አሳየኋት። እየሰፋች ሰማችኝ። ስጨርስ «ይህን የወሰነው ማን ነው?» አለችኝ።

ጩጬ፣ «እንዲያው ፈረንጅ አገር ያለ ቢሮ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «የወንድሜ ልጅ ናት» አልኳት። «እኔ ያሳደግኳት።»

የስፌት መኪናውን አቆመች። «ወልዳለች?» አለችኝ። አልወለደችም አልኳት። «እህት አላት?» የላትም አልኳት። ከዚያ ልጁ ስለነቃ አነሳችው፣ ጀርባውን እየመታች በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ቆየች። ልታስወጣኝ የፈለገች መስሎኝ ተነሳሁ። «ይቀመጡ» አለችኝ፤ ልጁን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችና ወረቀት ፈልጋ መጻፍ ጀመረች። ሁለት ደንበኛ መጥቶ ተመለሰ።

የጻፈችውን አላነበብኩም። አጣጥፋ ራሷ ነች ያሸገችው፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። ትስደብሽ፣ ትማርሽ፣ አላውቅም። ፊቷ ላይ ላነብ ሞክሬ አልቻልኩም። አድራሻዋ ከጀርባው አለ። በደረሰሽ ቀን መልሺላት።

አጎትሽ